ለእማዬ ቤት ጆሮ ስንፈልግ

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ወረቀት ላይ «መስማት የተሳናት» ተብሎ ይጻፍላታል፤ እሷ ግን ራሷን ለሰው ስታስተዋውቅ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈት ከደን ታደርጋለች፣ አለቀ። ሰው አጠገቧ ቆሞ «ትሰማለች እንዴ?» ብሎ እኔን ሲጠይቀኝ ደሜ ይፈላል። «እሷን አትጠይቃትም? ግድግዳ መሰለችህ?» እላለሁ። በዚህ በዚህ ነው እማዬ በእጅ ቋንቋዋ «ክብሪት» ብላ ያወጣችልኝ። አንድ ጣቷን በመዳፏ ላይ ጫር ታደርጋለች፤ ያ እኔ ነኝ። ሰፈሩም ወደደው መሰለኝ፣ አሁን የመዝገብ ስሜን የሚያስታውስ ሰው የለም።

አባቴ ደግሞ «ውሃ ልክ» ነው። ሥራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ ያቺን በመሃሏ የአየር አረፋ የምትዋልልባትን መለኪያ ከኪሱ አይለያትም። ምሳ ቀርቦለት እንኳ ጠረጴዛው ዘመም ካለ ከእግሩ ሥር የሆነ ነገር ሳይሸጉጥበት አይበላም። የተዋወቁት እማዬ በወጣትነቷ ተቀጥራ ትሠራበት በነበረ ልብስ ስፌት ቤት ነው። አባዬ ወለሉን ሊቀይር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ሠራተኛው ሁሉ «ኧረ ጆሯችን! ኧረ በፈጠረህ!» እያለ ሲነጫነጭበት፣ አንዷ ልጅ ብቻ ቀና ብላ ፈገግ ትልለታለች። «በቃ፣ ጨዋ ልጅ አገኘሁ አልኩ» ይላል እስከ ዛሬ። «ነገሩ የገባኝ ሰንብቶ ነው።» ሲገባው ታዲያ አልሸሸም፣ የእጅ ቋንቋ መማር ጀመረ። ዛሬም ድረስ ጣቶቹ አልፈታ ብለውት ልክ ሲሚንቶ እንደደረቀበት ሰው ነው የሚያወራው፤ እማዬ እየሳቀች ታርመዋለች።

እኔ ያደግኩት በኪራይ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነበር፣ ከሥሩ ባዶ የሆነ፣ በየቦታው ሲጥ ሲጥ የሚል አሮጌ ጣውላ። ሌላ ሰው ቢሆን አከራይዋን ሲጨቀጭቅ ይኖር ነበር። እኛ ግን እማዬን የምንጠራው በሱ ነው። ወለሉን በእግራችን መታ ስናደርግ ምቱ በጣውላው አልፎ እግሯ ድረስ ይሄዳል፣ ዞር ትላለች። ማን እንደጠራት ሁሉ ታውቃለች። አባዬ በተረከዙ፣ አንዴ፣ ቀስ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ያው እኔ ነኝ፣ ደብ ደብ ደብ! «ክብሪት፣ በእግርሽ አትጩኺብኝ» ትለኝ ነበር። በር ሲንኳኳ፣ ማሰሮ ክዳኑን ሲያንቀጫቅጭ፣ ቧንቧ ተከፍቶ ሲረሳ የምሰማው እኔ ነኝ። ሰምቼ፣ በር ከሆነም ከፍቼ እረግጣለሁ፣ እሷ ትዞራለች፣ እነግራታለሁ። እኔ ትምህርት ቤት ስውል አከራይዋ ነበረች፤ እሷም ከማውራት መርገጥ ይቀላት ስለነበር ሥራውን ወዳው ነበር። ቤታችን እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው፣ አንድም ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

አባዬ ዕድሜ ልኩን የሰው ወለል ሲያነጥፍ ኖሮ በመጨረሻ የራሱን ቤት ሠራ። ሥራው ስንት ዘመን እንደፈጀ አልናገርም፣ ግድግዳው ሲቆም እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ቆርቆሮው ሲመታ ተመርቄ ነበር። ወለሉን ግን ማንንም አላስነካም። ከሥር ድንጋይ ደለደለ፣ በላዩ ብረት የገባበት አርማታ ሞላ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሴራሚኩን አነጠፈ። ሲጨርስ ውሃ ልኩን መሃል ላይ አስቀምጦ ጠራን። አረፋዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። «ዝሆን ቢጨፍርበት ንቅንቅ አይልም!» አለ። እማዬ አንገቱን እቅፍ አድርጋ ሳመችው፣ እኔም መዳፌ እስኪግል አጨበጨብኩ።

ዕቃ ያስገባን ቀን እማዬ መጀመሪያ ያስገባችው የስፌት መኪናዋን ነው። ፊት ለፊት ያለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር አስቀምጣ ክር ማስገባት ጀመረች። እኔ የሳህኑን ካርቶን ታቅፌ ገባሁና የት ላስቀምጠው ብዬ ልጠይቃት ወለሉን መታ አደረግኩ። አልዞረችም። ደግሜ መታሁ። ካርቶኑን አስቀምጬ ደብ ደብ ደብ አደረግኩት፣ ተረከዜ እስኪነድ ድረስ። እማዬ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ክሯን በምላሷ እያረጠበች መርፌ ቀዳዳ ታስገባለች። ዘወር ስል አባዬ የቁምሳጥኑን አንድ ጫፍ እንደያዘ በሩ ላይ ቀርቷል። አይቷል።

ቁምሳጥኑን አስቀመጠና በሥራ ጫማው ራሱ ረገጠ። ምንም የለም። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ያ ፀጉሩ ሸብቶ ያለቀ ሰውዬ ተነስቶ ዘለለ! ጥላው ግድግዳው ላይ ሲወዛወዝ ጊዜ እማዬ ዞረች። «ምን ነክቷችሁ ነው የምትዘሉት?» አለች። ነገርናት። ጫማዋን አወለቀችና ሴራሚኩ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ እንደገና እንድንረግጥ አዘዘችን፣ እየተፈራረቅን ረገጥን። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ «ይሄ ቤት ዝም አለ» አለች በእጇ። አባዬ ጥግ ላይ ካለው ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሥራ አግኝቼ ነበር። ሌላ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ በተማርኩት በላቦራቶሪ ሥራ፣ ስመኘው የኖርኩት ማለት ነው፤ ወሩ ሲያልቅ መሄድ ነበረብኝ። አባዬ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። አከራይ የለም፣ ግቢው የራሳችን ነው፣ አጥር አለው። ደንበኛ ሲመጣ ማን ይከፍታል? ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ቢያርር ማን ይነግራታል? «እንግዲያው አልሄድም» አልኩ። «ጽፌ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ፣ በቃ።»

እማዬ ስትቆጣ እጇ ትንሽ ይሆናል፣ ደረቷ ሥር አስገብታ ነው የምታወራው፤ ሌላው ሰው ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርገው መሆኑ ነው። የመኪናውን ማብሪያ አጠፋች። «በኔ ምክንያት ከቀረሽ መኪናዬን እሸጠዋለሁ» አለች። «አንቺን አስቀርቼ አንድ ቀሚስ አልሰፋም።» እማዬ ቃሏን እንደማታጥፍ አውቃለሁ። ያለ መኪናዋም እንደማትኖር አውቃለሁ። እንግዲህ ወሩ ሳያልቅ ይሄ ቤት ብቻዋን የምትውልበት ቤት ካልሆነ፣ እኔ ሥራዬን ላጣ፣ እሷም ሥራዋን ልታጣ ነው።

«ስማርት ሆም የሚባል ነገር አለ» አለ አባዬ በማግስቱ። አንድ ሀብታም ቤት ሲያነጥፍ አይቶ ኖሯል። «መጋረጃው በራሱ ተከፈተ እኮ! ሰው የለም፣ ነፋስ የለም፣ ዝርግት አለ። ደንግጬ ያቦካሁት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ።» እማዬ ለሳምንት ትስቅበት ነበር፣ ግን ቅዳሜ ዕለት ሦስታችንም ለባብሰን ስማርት ሆም ፍለጋ ወጣን።

የመጀመሪያው ሱቅ ዙሪያውን መስታወት ነው። ሻጩ አሥር ጊዜ ኮሌታውን ይነካካል፤ እማዬ ገና ከበሩ «ኮሌታ» ብላ አወጣችለት። «ማዘር፣ ምንም መንካት አይጠበቅብዎትም!» አላት። «መናገር ብቻ! መብራት አብሪ ይላሉ፣ ይበራል። በር ላይ ማን አለ ይላሉ፣ ይነግርዎታል።» ተረጎምኩላት። እማዬ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ክብ ነገር አየችና «እሺ፣ ነገርኩት እንበል። እሱ ሲነግረኝ ማን ያሰማኛል?» አለች። ይሄንንም ተረጎምኩ። ኮሌታ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊቱ በራ፤ «ችግር የለውም፣ ድምፁ እኮ በጣም ይጨምራል!» ብሎ እስከ ጥግ ለቀቀው። ወይ ጉድ! መስታወቱ ተንዘረዘረ፣ አባዬ ጆሮውን ይዞ ወጣ፣ አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ጣለች። እማዬ ብቻ ረጋ ብላ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «እንዴት ደስ ይላል፣ ይንቀጠቀጣል» አለች። «ጠረጴዛውን ይሸጠው እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ሁለተኛው ሻጭ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ነበር፣ ስሙም «አቀርቅር» ሆነ። የሱ ካሜራ ነው። በየክፍሉ አንድ አንድ፣ በር ላይ አንድ፣ ግቢ ውስጥ አንድ። «እህቴ፣ አንቺ የትም ብትሆኚ ታያታለሽ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ሩቅ ሆኜ እማዬን ማየት! ምግቧን በላች፣ ክር ገዛች፣ ደህና ናት። እማዬ ግን እጇን ደረቷ ሥር አስገባች። «ስሰፋ ታይኛለሽ፣ ስበላ ታይኛለሽ፣ ስተኛ ታይኛለሽ። ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ዓሣ ነኝ?» «ለራስሽ ብዬ እኮ ነው!» «ለራሴ ከሆነ እኔ አልፈልግም።» እጅ በእጅ ስንጨቃጨቅ አቀርቅር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፤ የምንማታ መስሎት ነው መሰለኝ ባንኮኒውን ዞሮ ሄደ። ሲመለስ የሚነዝር የእጅ ሰዓት ይዞ መጣ። ሰው በር ላይ ሲመጣ ክንድ ላይ ይንዘረዘራል። ይሄማ ጥሩ ነው ብለን ወሰድነው። እማዬ ቤት ገብታ መኪናዋን አስነሳች፣ እኔ በሩን ስደውል ቆየሁ፣ ደወልኩ፣ ደወልኩ። ለካ መኪናው ራሱ እጇን ቀኑን ሙሉ ያንዘረዝረዋል፤ የሰዓቱ ንዝረት እዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሰዓቱን በነጋታው መለስነው።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። ሱቋ ጠባብ ነው፣ በየመደርደሪያው ሽቦ ተንጠልጥሏል፣ ፀጉሯን በእርሳስ ነው ያስያዘችው። «እርሳስ» ሆነች። ስታወራ እኔን ሳይሆን እማዬን እያየች ስለነበር ገና ከመጀመሪያው ወደድኳት። «መስማት ለማይችል ሰው በብርሃን እናደርገዋለን፣ እትዬ» አለች። «የውጪው በር ሲደወል ሰማያዊ፣ ኩሽና ውስጥ ጭስ ካለ ቀይ፣ ግቢ ውስጥ ሰው ከገባ አረንጓዴ። ቤትዎ ልግጠምልዎትና ይሞክሩት፣ ካልተስማማዎት እነቅለዋለሁ።» ራሷ መጥታ ገጠመችው። ሲበራ እኔ ራሴ እልል አልኩ።

እልልታው ግን ብዙም አልቆየም። የጎረቤት ድመት ግቢያችንን መንገዷ አድርጋዋለች፤ እሷ ባለፈች ቁጥር ቤቱ በአረንጓዴ ብልጭ ድርግም ይላል። አንዲት ደንበኛ ነጭ ቀሚስ ልትለካ መጥታ መስታወት ፊት እንደቆመች አረንጓዴ ሆነች፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ሆነች። «እንዴ፣ ጭፈራ ቤት ከፈታችሁ?» አለችኝ። ደግሞ ስፌት ማለት ቀለም ማየት ነው። እማዬ ቡናማ ክር ከቡናማ ጨርቅ ጋር እያስተያየች ሳለ መብራቱ ይበራባታል፣ ቀለሙ ሁሉ ይቀየርባታል፤ አንድ ሙሉ ኮት በወይን ጠጅ ክር ሰፍታ ፈታችው። አንገቷን ደፍታ በመኪናው አምፖል ሥር ስትሠራ ደግሞ ጭራሽ አታየውም። ከኩሽናው ቀይ መብራት በቀር ሁሉንም ከግድግዳው ነቀለችና ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

የምሄድበት ቀን እየቀረበ ነው። ሆዴ ባብቶ ነበር፤ ግን ደግሞ ውስጤ ያለ አንድ ክፉ ነገር ደስ ይለው ነበር። አየሽ፣ አንቺን የሚተካ ዕቃ አልተገኘም ይለኛል። እማዬ መኪናዋን ክዳን አልብሳ ስትውል ሳይ ግን ያ ደስታ ያሳፍረኛል። አባዬም የሚበላውን ትቶ ወለሉን ያያል። በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ጥግ ጥጉን መሄድ ጀመረ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻንጣ ልገዛ ወጥቼ ባዶ እጄን ስመለስ ግቢው ውስጥ ሳለሁ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስገባ ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆኗል። የስፌት መኪናው ከቦታው ተነስቷል። አባዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ በመዶሻና በመሮ የገዛ ሴራሚኩን ይፈለፍላል! ያንን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ያነጠፈውን! እማዬ አንድ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች።

«አባዬ! ምን ሆንክ? አበድክ እንዴ?»

«ዝም በይ» አለኝ ቀና ሳይል። «ይሄን ቤት ያደነቆርኩት እኔ ነኝ። ሰው ቢያጠፋ አጠፋሁ ብሎ ያርማል።»

«ማን አጠፋህ አለህ? ቤት ነው የሠራህላት!»

«ለራሴ ሙያ ነው የሠራሁት። እሷ እንዴት እንደምትሰማ እያወቅኩ፣ አብሬያት እየኖርኩ፣ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም።» መዶሻውን አስቀመጠና ለእማዬ በነዚያ በማይታዘዙት ጣቶቹ ሊነግራት ሞከረ። እጁ በአቧራው ነጭ ሆኗል። እማዬ ጎንበስ አለችና ጣቶቹን በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ያዘቻቸው። ያኔ እኔ ማልቀሴን አልደብቅም። ካለቀስኩ በኋላ ጫማዬን ቀይሬ ስባሪውን በባልዲ ማውጣት ጀመርኩ።

ከበሩ እስከ መስኮቱ ያለውን አርማታ ቆፍሮ ዝቅ አደረገው። ከቤቱ ሥራ የተረፈ ሞራሌ ነበር፣ ያ ለጣሪያ የሚሆነው ጠርብ እንጨት፤ እሱን ደረደረና በላዩ ጣውላ መታበት፣ ከሥሩ ባዶ ተወው። ውሃ ልኩን ሊያስቀምጥ ከኪሱ አወጣና ተወው፣ መልሶ ከተተው። የስፌት መኪናውን መለስነው። እማዬ ተቀመጠችና እግሯን ጣውላው ላይ አሳረፈች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ረገጥኩ። እንደ መብረቅ ዞረች! አባዬ ረገጠ፣ ዞረች። ሦስታችንም እየተሳሳቅን እንደ ሕፃን ስንረግጥ አመሸን።

ቆይቶ ነው ያልገባን ነገር የገባን። ለካስ ረጋጭ ያስፈልጋል። እኔ ሄጄ፣ አባዬ ሥራ ውሎ፣ እማዬ ብቻዋን ስትሆን ማን ይረግጣል? እርሳስን ጠራኋት። ነገሩን ስነግራት ጣውላው ላይ ተንበርክካ በእጇ አንኳኳችው። እርሳሷን ከፀጉሯ መዘዘችና ጭንቅላቷን አከከችበት። «በራሱ የሚከፈት የበር ቁልፍ አለ» አለች ለራሷ እንደምታወራ። «ውስጡ የሚወረወር ብረት አለው፣ መወርወሪያውን ይገፋል። እሱን ብረት ከጣውላው ሥር ብናስረው… እትዬ፣ ሠርቼው አላውቅም። ልሞክረው?» እማዬ «ሞክሪው» አለች።

ሞከረችው፣ ሆነ። አንዱን ከጣውላው ሥር፣ ሌላውን ለመኝታ ቤት ከአልጋው እንጨት ጋር አሰረችው። የበሩ ደወል ሲጫን ብረቱ ይመታል፤ ጭስ ካለ ሳያቋርጥ ይመታል። የድመቷን ነገር ጭራሽ አጠፋችው። አመታቱን በስልክ ማስተካከል ይቻላል ስትለን አባዬ በደስታ ዘሎ «የበሩ አመታት የልጅቷ ይሁን! ደብ ደብ ደብ! ክብሪት ያለች ይመስላታል» አለ። ለእማዬ ተረጎምኩላት።

ራሷን ነቀነቀች። «የሷ አይሁን» አለች። «እሷ መሰለችኝ እያልኩ ስዞር ልኖር ነው?» ሁለት ረጋ ያሉ ምቶች መረጠች፣ የማንም ያልሆኑ።

የቀረው መሞከር ነው። እማዬ ሁላችንንም አስወጣችን። እርሳስን ሳይቀር፣ እየገፈታተረች። በሩን ዘጋችና ገባች። ደጃፉ ላይ ተደርድረን ቆምን። ደወሉን ተጫንኩ።

ጠበቅን። በሩ አልተከፈተም።

እርሳስ ስልኳን አየች። «መትቷል» አለች። «ሁለት ጊዜ መትቷል፣ ይኸው።» እንደገና ተጫንኩት። አባዬ ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። «ይመታል፣ እሰማዋለሁ» አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ይመታል፣ ግን አልተሰማትም።» በቃ፣ አልሄድም ማለት ነው። መኪናውንም ትሸጠዋለች። የሰበርነው ወለል፣ የዞርነው ሱቅ፣ ሁሉም ውሃ በላው። ደግሜ ተጫንኩትና መልሱን ሳልጠብቅ በጎን በኩል ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

እማዬ መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፣ በእጆቿ አንድ የኮት እጅጌ ቀስ እያደረገች ታዞራለች። ቀና አለችና ቀጥ ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። አንድ ጣቷን አነሳች፤ ቆይ። ከዚያ ወደ እጅጌዋ ተመለሰች።

አባዬ ከኋላዬ ደርሶ «ምን ሆነች? ምን ሆነች?» ይላል።

«እጅጌ እየጨረሰች ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ተሰምቷታል አባዬ። እጅጌ ይዛ ነው። ቆዩ አለችን።»

አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ መስኮቱ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ። እኔ ቤት ሳለሁ በር ገና አንዴ ሲንኳኳ ብድግ ብዬ እከፍታለሁ፣ እንግዳውን አስገባለሁ፣ ከዚያ ነው እማዬን የምጠራት። እሷ ስትዞር ሰውዬው መሃል ቤት ቆሟል። መርፌዋን ጥላ ከመነሳት በቀር ሌላ ምርጫ ኖሯት አያውቅም፤ ይሄን ሁሉ ዓመት ጆሮዋ ነኝ ስል አንድ ቀን አላሰብኩትም ነበር። ክሯን በጥርሷ በጠሰች፣ እጅጌውን ዘርግታ አየችው፣ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ከዚያ ተነሳች።

ወደ በሩ ተመለስኩ። ሲከፈት እጄ ቀድሞኝ ነበር። «ልባችን ቆሞ ነበር እኮ! ምናለ ብትከፍቺ!»

«መጀመሪያውኑ ተሰምቶኛል» አለች። «እጅጌ መሃል ላይ ነበርኩ።»

«እኛ እኮ ልንሞት ነበር!»

«ይኸው አልሞታችሁም።» ቀሚሷ ላይ የቀረውን ክር አራገፈችና አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ፣ እጇን እንዳይ። «አሁን ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አለች። «ስትመጪ ግን በቁልፍሽ ከፍተሽ እንዳትገቢ። ደውዪና እዚህ ቁሚ። ከወለድኩሽ ጀምሮ አንድ ቀን በር ከፍቼልሽ አላውቅም።»

ቁልፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት።